ወደ ፊሊፒናዊ ቤተሰብ በትዳር የገባ ሰው ከአማቶቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት በፍቅር ይኑር?

ፊሊፒንስ ውስጥ ትዳር የያዘ ሰው የሚያገባው ሙሉ ቤተሰብ ነው። አማቶች፣ አያት፣ ገና ያላገቡ ወንድሞችና እህቶች፣ አንዳንዴም ከክፍለ ሀገር ለትምህርት የመጣች የአክስት ልጅ በአንድ ቤት ያድራሉ። አዲስ ገቢው ግራ የሚገባው በዚህ ቤት ትልልቁ ነገር በቃል ስለማይነገር ነው። ፍቅሩም ቅሬታውም በትንንሽ ምልክት ይታያል፤ በስም አጠራር፣ በእጅ አሰጣጥ፣ ተከድኖ በቆየ ሳህን፣ በደመወዝ ቀን በሚዘረጋ ገንዘብ። ምልክቱን አንብቦ መመለስ የቻለ ሰው ቋንቋውን ሳይለምድ ቤተኛ ይሆናል።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ጥሩ ስንቅ አለው። «ሂያ» የሚሉት ይሉኝታን ነው። «ኡታንግ ና ሎኦብ» በሆድ የሚያዝ ውለታ ነው፤ ቃል በቃል የውስጥ ዕዳ እንደማለት። «ታምፖ» ኩርፊያ ነው። ልጅ ክርስትና ሲነሳ የሚፈጠረው አበልጅነትም አለ፤ ወንዱን አበልጅ «ኩምፓሬ»፣ ሴቷን «ኩማሬ» ይሏቸዋል። ስሜቱን ያውቁታል፤ የሚለየው አገላለጹ ነው። ስህተት የሚበዛውም «ይሄማ እንደኛው ነው» ተብሎ በሚታለፍበት ቦታ ነው።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት የማኒላንና በዙሪያዋ ያለውን የታጋሎግ ተናጋሪ ክርስቲያን ቤት ይመለከታል። በሚንዳናዎ የሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች የራሳቸው በዓላትና የጋብቻ ሕግ አላቸው።

ከሠርጉ በፊት የሚያልቅ ንግግር

«ፓማማንሂካን» የሽምግልናው ቀን ነው። ቃሉ የቤት ደረጃ ከመውጣት የመጣ ነው፤ የድሮው ቤት በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ይሠራ ነበርና። የወንዱ ወላጆች ልጃቸውን ይዘው ምግብም አዘጋጅተው ወደ ሴቷ ቤት ይሄዳሉ፤ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ስለ ቀኑ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ሚዜዎችና ስለ ወጪው ይነጋገራሉ። በቆየው ልማድ የሠርጉን ወጪ የሚሸፍነው የወንዱ ወገን ነው፤ ዛሬ ብዙዎች ይካፈላሉ። ወላጆችዎ ሩቅ አገር ከሆኑ ብቻዎን አይሂዱ። በዕድሜ የሚከበር አንድ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይወክልዎ፣ ወላጆችዎም በቪዲዮ ስልክ ገብተው ሰላምታ ይስጡ። የሚናገሩት ባይገባ እንኳ ፊታቸው መታየቱ በቂ ነው።

እዚህ ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር አለ። ጥንዶቹ ቀኑንና አዳራሹን ቆርጠው ለማሳወቅ ብቻ ሲመጡ የሴቷ ወላጆች እንደተናቁ ይሰማቸዋል፤ ፈገግ ብለው ይቀበላሉ፣ ቁስሉ ግን ዓመታት ይቆያል። የመረጡትን ቀን እንደ ሐሳብ ያቅርቡት። አስቀድመውም በዚያው ዓመት ሌላ ወንድም ወይም እህት እንደማያገባ ይጠይቁ፤ «ሱኮብ» በሚባለው እምነት ሁለት ወንድማማቾች ወይም እህትማማቾች በአንድ ዓመት ቢያገቡ ዕድል ይሰናከላል ይባላል። እርስዎ ባያምኑበትም አያቲቱ ታምንበት ይሆናል፤ ቀን ማሸጋገር ደግሞ ከአያት ቅሬታ ይቀላል።

ዕድሜም በሕግ ይቆጠራል። የፊሊፒንስ የቤተሰብ ሕግ ከ18 እስከ 21 ዓመት ላለ ተጋቢ የወላጅን የጽሑፍ ፈቃድ፣ ከ21 እስከ 25 ላለ ደግሞ የወላጅን ምክር ይጠይቃል። ምክሩ ካልተገኘ ወይም የማይደግፍ ከሆነ፣ የማመልከቻው ማስታወቂያ ካበቃ በኋላ 3 ወር ሳያልፍ የጋብቻ ፈቃዱ አይሰጥም።

ከዚያ ማዕድ ሳይነሱ ሁለት ነገር ይቁረጡ፤ ከሠርጉ በኋላ የት እንደሚኖሩና ለስንት ጊዜ። «ለጊዜው እኛ ጋ ሁኑ» የሚለው ግብዣ በፍቅር የሚሰጥ ነው፤ ጊዜው ካልተጠራ ግን አሥር ዓመት ይሆናል። «ልጅ እስክንወልድ» ወይም «ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ እስክናጠራቅም» ተብሎ ከመጀመሪያው ከተነገረ፣ በኋላ መውጣቱ ጥሎ መሄድ አይመስልም።

ማንን ምን ብለው ይጠራሉ?

ከመግባትዎ በፊት ከትዳር ጓደኛዎ ጋር ተቀምጠው የቤተሰቡን ዝርዝር በወረቀት ይጻፉ፤ ማን ማንን ይበልጣል፣ ማንስ ምን ተብሎ ይጠራል። የሚበልጥዎትን ሰው በባዶ ስሙ አይጠሩም። ታላቅ ወንድም «ኩያ»፣ ታላቅ እህት «አቴ»፣ አያቶች «ሎሎ» እና «ሎላ»፣ አጎትና አክስት «ቲቶ» እና «ቲታ» ናቸው። የድሮውን ሥርዓት የያዙ ቤቶች ሁለተኛዋን ታላቅ እህት «ዲትሴ»፣ ሦስተኛዋን «ሳንሴ»፣ ሁለተኛውን ታላቅ ወንድም «ዲኮ»፣ ሦስተኛውን «ሳንግኮ» ይላሉ። ከቻይናውያን ሰፋሪዎች የተወረሱ ቃላት ናቸው።

ብዙ ሰው የሚስተው፣ ማዕረጉ የሚቆጠረው በትዳር ጓደኛዎ ዕድሜ መሆኑን ነው። ሚስትዎ «አቴ» የምትላትን እህት እርስዎ በአምስት ዓመት ቢበልጧትም «አቴ» ይበሏት። አማቶችዎን ከሠርጉ በፊት «ቲቶ» እና «ቲታ» ይበሉ፤ ከሠርጉ በኋላ ግን ባለቤትዎ እንደሚጠራቸው «ናናይ» እና «ታታይ» ወይም «ማማ» እና «ፓፓ»። አግብቶ በ«ቲታ» የቀጠለ ሰው ደጃፍ ላይ እንደቆመ እንግዳ ይቆጠራል።

ለታላቅ ሰው በሚናገሩት ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ፖ» የምትለዋ ቃል ትግባ፤ የኛን አንቱታ ሥራ የምትሠራው እሷ ናት። አዎ ለማለት «ኦፖ»፣ አይደለም ለማለት «ሂንዲ ፖ»፣ ለማመስገን «ሳላማት ፖ»። ለታናሽ ወይም ለእኩያ ከተባለች ግን መራቅ ይመስላል። ሴቡ ውስጥ «ፖ» የአካባቢው ቋንቋ አካል ስላልሆነች አክብሮቱ በድምፅ ለስላሳነትና በዝምድና ስም ይገለጻል። በኢሎኮስ ታላላቆቹ «ማኖንግ» እና «ማናንግ»፣ ታናሹ «አዲንግ» ነው።

ማኖ

የኛ ሰው የሽማግሌ ጉልበት እንደሚስም፣ እነሱ የታላቅ ሰውን እጅ ግንባራቸው ላይ ያስነካሉ። አደራረጉ እንዲህ ነው። ቀረብ ብለው ጎንበስ ይበሉና ቀኝ እጅዎን ዘርግተው «ማኖ ፖ» ይበሉ። ታላቁ ሰው መዳፉን ወደታች አድርጎ እጁን ይሰጥዎታል። ጣቶቹን ቀለል አድርገው ይዘው የእጁን ጀርባ ግንባርዎን ያስነኩ፤ አይጫኑት፣ አይሳሙትም። «ካአዋአን ካ ናንግ ዲዮስ» ይልዎታል፤ እግዜር ይማርህ እንደማለት ያለ ምርቃት ነው። ምርቃቱ ሳያልቅ እጁን አይልቀቁ።

በዕድሜ ከሁሉ ከሚበልጠው ይጀምሩ። ሲገቡም ሲወጡም ይደረጋል፤ ከቅዳሴ መልስም እንዲሁ። እጇ በዘይት የተነካካ እናት የእጅ አንጓዋን ብትዘረጋልዎ እሱኑ ግንባርዎን ያስነኩ። የሚያሳፍረው ስህተት በሠላሳዎቹ መጨረሻ ያለች ወጣት አክስትን «ማኖ ፖ» ማለት ነው፤ አረጀሽ እንደተባለች ትቆጥረዋለች። ለእንዲህ ያለችው ጉንጭ ለጉንጭ አንዴ መነካካት ይበቃል፤ እንደኛ ሦስት አራቴ አይደለም።

ማዕድ

የቤቱ ልብ ሩዝ ድስቱ ነው። አዲስ ገቢ ከወጥ በፊት ሩዝ መጣድ ይልመድ፤ ማንም ሳይጠይቅ አመሻሹ ላይ ሩዝ የጣደ ሰው ቤቱን ረዳ ይባላል። ሩዙን ሁለት ጊዜ አጥበው ድስቱ ውስጥ ደልደል ያድርጉት። የመሐል ጣትዎን ጫፍ ሩዙ ላይ አሳርፈው ውሃው እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ይሙላ፤ ሩዙ ቢበዛም ቢያንስም ልኩ ያው ነው። ለስድስት ሰው ለአንድ ማዕድ ሦስት ኩባያ ጥሬ ሩዝ ይበቃል፤ ሲበስል ወደ ዘጠኝ ኩባያ ይሆናል። ውሃ ከበዛ ይላቁጣል፤ ካነሰ መሐሉ ጥሬ ሆኖ ታቹ ይያዛል።

ከሩዝ ጋር የሚበላው ሁሉ «ኡላም» ይባላል፤ ዓሣም ሆነ አዶቦ (በኮምጣጤ የሚበስል ሥጋ) ወይም ጎምዛዛው ሾርባ ሲኒጋንግ መሐል ይቀመጣል። ማንኪያ በቀኝ፣ ሹካ በግራ ተይዞ ሹካው ወደ ማንኪያው ይገፋል። ሎላ ሳትቀመጥና ሳይጸለይ አይጀመርም። መጀመሪያ ሲቆርሱ ትንሽ ይውሰዱ፤ ሰሃኑ ላይ የቀረችውን የመጨረሻ ቁራሽ ሳይጠይቁ አያንሱ። በልታችሁ ጨርሱ ቢሉም አንዴ ዞር ብለው «ማነው ያልደረሰው?» ብለው ይጠይቁ። ጉርሻ እዚያ ልማድ አይደለም፤ ለሕፃን ካልሆነ በስተቀር ማጉረስ ያስደነግጣል።

«ካይን ታዮ» ማለት እንብላ ነው፤ ልክ እንደኛው በበር ለሚያልፍም ይባላል። ካልተራቡ «ቡሶግ ፓ ፖ አኮ፣ ሳላማት ፖ» ይበሉ፤ አሁንም ጠግቤአለሁ፣ አመሰግናለሁ ነው። ዝም ብሎ ማለፍ ግን ነውር ነው።

ሁለት ነገሮች ሰላሙን በይበልጥ ይጠብቃሉ። ምግብ ፊት አይጣሉም፤ በጸጋ ፊት መጨቃጨቅ ነውር ስለሆነ የገንዘብ፣ የፈተና ውጤት፣ የዘገየ ልጅ ጉዳይ ሳህኑ እስኪነሳ ይጠብቅ። ሁለተኛው የሌለ ሰው ድርሻ ነው። ከልጆቹ አንዱ በጥሪ ማዕከል የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል እንበል። ማታ ከመበላቱ በፊት የሱ ሩዝና ሁለት ቁራጭ ሥጋ በሳህን ተለይቶ በሌላ ሳህን ይከደናል፤ ጠዋት ሲመጣ ማንንም ሳይቀሰቅስ ክዳኑን ያነሳል። ያ ሳህን «አልረሳንህም» ይላል። ድርሻው ከተበላ በኋላ ከተረፈው የተለየለት ሰው ግን ያውቀዋል፤ ቀዝቃዛ ሩዝና አጥንት ይመሰክራል። ስለዚህ የሌላውን ድርሻ የሚለዩት ድስቱ ሳይነካ ነው።

ወጥ ቤቱ የአማትዎ ነው። ቢላዋ የሚሰቀልበትን ቦታ እንኳ ሳይጠይቁ አይቀይሩ። የተረፈ ምግብ ሳይጠይቁ አይድፉ።

ታምፖ፦ ኩርፊያን ማንበብና ማብረድ

ምራት ማቀዝቀዣ ስታጸዳ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን የተቀመጠ አዶቦ አግኝታ ደፋችው እንበል። አማቷ ለነገ ጠዋት ጥብስ ሩዝ አስባ ያቆየችው ነበር። አማት ምንም አትልም። ያን ቀን ማታ ግን ድስቱ ከወትሮው ጠንከር ብሎ ምድጃ ላይ ያርፋል፣ በር በኃይል ይዘጋል። ራት ሲቀርብ «ጠግቤአለሁ» ትልና ክፍሏ ትገባለች። «ምን ሆንሽ?» ስትባል መልሷ «ዋላ» ነው፤ ምንም። ይህ ታምፖ ነው። ዕቃ እያንኳኩ መሥራቱ ራሱ ስም አለው፣ «ዳቦግ» ይባላል።

ታምፖ ከቁጣ ይለያል። ሰው የሚያኮርፈው ፍቅሩን በሚጠብቀው ሰው ላይ ነው፤ ዝምታው ውስጥ «አባብሉኝ» የሚል ጥያቄ አለ። ስለዚህ ከሁሉ የሚጎዳው ተዋት፣ ይለቃታል ብሎ ዝም ማለት ነው። ለውጭ ሰው አክብሮት ይመስላል፤ ላኮረፈችው ሴት ግን ጥያቄዋ መልስ አጣ ማለት ነው፤ ኩርፊያው ወደ ቂም የሚዞረው ያኔ ነው።

አበራረዱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰዓት ይተዉ፤ ነገር ግን ከቤት አይጥፉ፣ ድምፅዎ ይሰማ። ያኑ ቀን ሳይመሽ በእጅዎ የሆነ ነገር ያድርጉ፤ የምትወደውን ነገር ገዝተው ማምጣት፣ በሯን አንኳኩቶ «ናይ፣ ካይን ና ፖ» (እማዬ፣ ይምጡ ይብሉ) ማለት፣ ቡና ማቅረብ። እምቢ ብትል አይጨቅጭቁ፤ ሳህኑን ከድነው ያቆዩ። በማግስቱ «ላምቢንግ» ይመጣል፤ ጎኗ ተቀምጦ ትከሻዋን መያዝ፣ ለስለስ ባለ ቃል መቀለድ፣ የያዘችውን ሥራ መቀበል። ፊቷ ሲላላ፣ ማንም በሌለበት፣ ነገሩን በስሙ ጠርተው ይቅርታ ይጠይቁ፤ «ፓሴንስያ ና ፖ (ይቅርታ)፣ ናይ፣ አዶቦው ለነገ መሆኑን አላወቅኩም»። አጭር ይሁን። ምክንያት ማብዛት «አንቺ ነሽ ያልነገርሽኝ» ይመስላል።

ሦስት ቀን ካለፈ አስታራቂ ይላካል። የሚሻለው በዕድሜ በሁለታችሁ መሐል ያለ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ አቴ ወይም አንዷ ቲታ። አስታራቂዋ የእርስዎን ቃል ወደ እናት፣ የእናትን ቃል ወደ እርስዎ ታመላልሳለች፤ ሁለቱም ፊት ለፊት ሳይዋረዱ ነገሩ ያልቃል። የትዳር ጓደኛን በአስታራቂነት መላክ ግን አይመከርም፤ ከእናቱና ከሚስቱ አንዷን የመረጠ ያስመስለዋል።

የሚያበላሹ ነገሮችም አሉ። ሰው በተሰበሰበበት «ለምን አኮረፍሽ?» ማለት፣ ኩርፊያን በኩርፊያ መመለስ፣ ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ «ፓሪኒግ» ነው፤ ለአንዱ እየተናገሩ ሌላው እንዲሰማ ማድረግ፣ በዘመናችን ስም ሳይጠሩ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ። አክስት፣ አበልጅ፣ ጎረቤት ሁሉ ያየዋል፤ በቤት ውስጥ በአንድ ሳህን ምግብ ይበርድ የነበረው የመንደር ጉዳይ ይሆናል። በንዴት ጊዜ ሁለት ስድብ ከአፍዎ አይውጣ፤ «ዋላንግ ሂያ» እና «ዋላንግ ኡታንግ ና ሎኦብ»፤ ይሉኝታ ቢስ፣ ውለታ ቢስ። ከእነዚህ በኋላ ላምቢንግ ብቻውን አይበቃም።

ገንዘብ

በብዙ ቤት የበኩር ልጅ፣ «ፓንጋናይ» የሚባለው፣ ሥራ ሲይዝ የታናናሾቹን ትምህርት ይሸከማል። ወላጆቹ ላሳደጉት ውለታ መላሽ ነው። በኩሩን ያገባ ሰው ይህን አይቶ «ገንዘባችንን እየበተነ ነው» ቢል ጠቡ ከገንዘቡ በላይ ይሆናል፤ የባለቤቱን ክብር ነክቷልና። ዝም ካለ ደግሞ የራሱ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይጎድላል። መውጫው አስቀድሞ መጠኑን መቁረጥ ነው።

የቤተሰብ ሕጉ ለዚህ ጥሩ መነሻ ይሰጣል። ቀለብ የመስጠት ግዴታ ሲደራረብ ቅደም ተከተሉ የትዳር ጓደኛ፣ ከዚያ ልጆችና ተወላጆች፣ ከዚያ ወላጆችና አያቶች፣ በመጨረሻ ወንድሞችና እህቶች ነው። መጠኑም በሰጪው አቅምና በተቀባዩ ችግር ልክ ይወሰናል። ቤት ውስጥ ሕግ መጥቀስ አያምርም፤ ባልና ሚስት ለብቻ ሲያቅዱ ግን ይህ ተራ ክርክሩን ያሳጥራል።

ደመወዝ በፊሊፒንስ በአብዛኛው በወር ሁለቴ፣ በ15 እና በወሩ መጨረሻ ይከፈላል፤ «ኪንሴናስ» ይሉታል። ዕቅዱን በወር ሳይሆን በዚህ ይከፋፍሉት። የጋራ ወጪን ደግሞ በመቶኛ ከማስላት በ«ቶካ» መደልደል ይሻላል፤ አንዱ መብራት፣ ሌላው ውሃና ኢንተርኔት፣ ሦስተኛው ሩዝ፣ አራተኛው የማብሰያ ጋዝ። እያንዳንዱ የያዘው ዕቃ ስለሚታይ ማን ሰጠ ማን አልሰጠ የሚል ሐሜት የለም። ለምሳሌ የሩዝ ቶካ የያዘ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ለሚበላ ባለ ስድስት ሰው ቤተሰብ በቀን ወደ 1.7 ኪሎ ግራም ይቆጥራል፤ አንድ የ25 ኪሎ ግራም ከረጢት ግማሽ ወር ያደርሳል፣ ከደመወዝ እስከ ደመወዝ ማለት ነው። መብራት የያዘው ወጪው ወር በወር ስለሚለዋወጥ ሞቃቶቹ ወራት፣ በተለይ ሚያዝያና ግንቦት (እዚህ ያሉት ወራትና ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ሳይደርሱ ትንሽ ያስቀምጥ።

ለወላጅ የሚሰጠውን በየደመወዙ በአንድ ቀን፣ በተቆረጠ መጠን፣ በእጅ ይስጡ። ዘንድሮ 3,000 ፔሶ ካሉ በሦስት ሺሕ ይጽኑ፤ አንድ ጊዜ አምስት ሰጥቶ ቀጥሎ ሁለት መስጠት ቅር ያሰኛል። የደመወዝ መዳረሻ ቀናት «ፔትሳ ዴ ፔሊግሮ»፣ የአደጋ ቀኖች ይባላሉ፤ በእነዚያ ቀናት የገንዘብ ወሬ አያንሱ።

ዘመድ ብድር ሲጠይቅ ሰው ፊት አይከልክሉ። ካልቻሉ የማይመለስ ትንሽ ነገር ይስጡና «ፓሴንስያ ና ፖ፣ ኢቶ ላንግ ፖ አንግ ናካያናን» ይበሉ፤ ይቅርታ፣ የቻልኩት ይህን ብቻ ነው። 10,000 አበድሮ ሲጠብቁ ከመኖር 1,000 ሰጥቶ መርሳት ዝምድናውን ያቆያል። ቤተሰቡ «ፓሉዋጋን» ካለው፣ ያው እቁብ ነው፣ ይግቡ፤ ግን ዕጣው እንደደረሰዎ መክፈል ቢያቆሙ የሚጠየቀው ያስገባዎት ዘመድ መሆኑን አይርሱ።

ታኅሣሥ ሲደርስ የ13ኛ ወር ክፍያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ አዋጅ አሠሪ የዓመቱን መነሻ ደመወዝ አንድ አሥራ ሁለተኛ እስከ ታኅሣሥ 24 ይከፍላል፤ ዘመድ ሁሉ ቀኑን ያውቃል። በኅዳር የክርስትና ልጆችዎን ስም ጽፈው ፖስታ ያዘጋጁ። በገና ቀን «ማኖ ፖ» እያሉ ይመጣሉ። በአንድ ዕድሜ ላሉ ልጆች እኩል ይስጡ፤ በር ላይ ፖስታ ከፍተው ይተያያሉ።

ቤት ውስጥ ዕድሜው 60 የሞላ ሰው ካለ የአረጋውያን መታወቂያው መውጣቱን ያረጋግጡ። በሐኪም ለታዘዘ መድኃኒት 20 በመቶ ቅናሽና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ መሆንን ያስገኛል። መታወቂያውንና ማዘዣውን ይዞ መድኃኒት ቤት የሚሄደውን ሰው ቶካ አድርገው ይመድቡ፤ አዲስ ገቢው ይህን ሥራ ቢይዝ በሎላ ዘንድ ፈጥኖ ይወደዳል።

ውጭ አገር ያለ የቤተሰብ አባል

እናት ወይም አባት ባሕር ማዶ ሲሠሩ ልጆቹን ሎላ ታሳድጋለች። የስልኩ ሰዓት የቤቱ ሥርዓት አካል ይሁን። ማኒላ ከሪያድ በ5 ሰዓት፣ ከዱባይ በ4 ሰዓት ትቀድማለች፤ ልጆች ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የቤት ሥራ ሲጨርሱ በሪያድ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በሥራ ቀን መደወል ካልተቻለ ቋሚ የሆነ አንድ የዕረፍት ቀን ይበቃል፤ የሚጎዳው የተባለው ሰዓት ማለፉ ነው። ልጅ በእናቱ ስልክ ላይ የሎላን ክስ ብቻ እየሰማ ካደገ ስልኩን ይሸሻል። መጀመሪያ ልጁ ያወራ፣ ክሱ ልጁ ከወጣ በኋላ ይሁን።

የሚላከው ገንዘብ፣ «ፓዳላ»፣ ከመላኩ በፊት በዓላማ ይከፋፈል፤ ይህን ያህል ለትምህርት፣ ይህን ያህል ለምግብ፣ ይህን ያህል ለላኪው ቁጠባ በስሙ ባለ ሒሳብ። የመጨረሻው ካልተለየ ላኪው ከዓመታት በኋላ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ቤቱም ያኔ ይፈርሳል።

በካርቶን የሚላከው ስጦታ፣ «ባሊክባያን ቦክስ»፣ ብቁ ለሆነ ላኪ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ፣ እስከ 150,000 ፔሶ ዋጋ ድረስ ከቀረጥና ከታክስ ነፃ ይገባል። በመርከብ ስለሚሄድ ከወር በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ለገና እንዲደርስ በመስከረም ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ይላክ። ውስጥ የሚገባው ቆርቆሮ ሥጋ፣ ቸኮላት፣ ሳሙና፣ ሎሽን፣ ጫማ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ በሰው ስም ጠቅልለው ይጻፉበት። ስም ሳይጻፍ የተላከ ካርቶን ሲከፈት ፈጣኑ ይወስዳል፣ ዝምተኛው ያኮርፋል።

የማይቀርባቸው ቀኖች

ኅዳር 1 ቤተሰቡ ሻማና አበባ ይዞ መቃብር ይሄዳል። ከታኅሣሥ 16 እስከ 24 ዘጠኝ ንጋት «ሲምባንግ ጋቢ» ይቀደሳል፤ ዘጠኙንም ባይችሉ የመጨረሻውን ከአማትዎ ጋር ይሂዱ። ታኅሣሥ 24 እኩለ ሌሊት የ«ኖቼ ቡዌና» ማዕድ ነው፤ ከዚህ መቅረት ለዓመት ይነሳል። በልደት ቀን «ፓንሲት» ይሠራል፤ ረጅሙ ኑድል የረጅም ዕድሜ ምኞት ስለሆነ አይቆራረጥም። የመስከረም አራተኛው ሰኞ ደግሞ ቤተሰብ አብሮ እንዲበላ በመንግሥት የተሰየመ ቀን ነው።

ለቅሶ ከሁሉ ይበልጣል። አስከሬኑ ሳይቀበር በፊት ሌሊቱን ሙሉ ሰው አብሮ ያድራል፤ ከዚያ የዘጠኝ ቀን ጸሎት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት። «አቡሎይ» የሚባለውን ገንዘብ በፖስታ ስምዎን ጽፈው ይስጡ፤ ቤተሰቡ መዝግቦ ይይዘዋል፣ በተራው ሊመልሰው። ከገንዘቡ በላይ ግን ከሌሊቱ በሁለተኛው ግማሽ፣ ሰው ሲሳሳ፣ ወንበር ይዞ የቆየና ቡና ያቀረበ ምራት ወይም አማች ይታወሳል።

ቤት ውስጥ ያላለቀ ነገር

የመሬት፣ የቤት ወይም የብድር ጠብ በአስታራቂ ካላለቀ ወደ ፍርድ ቤት ከመሮጥ በፊት ሕጉ ራሱ ይገታል። በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 151 መሠረት የአንድ ቤተሰብ አባላት ከልብ ለመታረቅ መሞከራቸው ካልታየ ክሱ ይወድቃል። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ከሆነ ወደ ባራንጋይ ጽሕፈት ቤት፣ ማለትም ወደ ቀበሌው፣ ይሂዱ። ሊቀመንበሩ በ15 ቀን ውስጥ ያሸማግላል፤ ካልሆነ ሦስት አባላት ያሉት የአስታራቂዎች ጉባኤ ይረከበዋል፤ እሱም 15 ቀን አለው፣ እንደ ሁኔታው በ15 ቀን ይራዘማል። ጠበቃ ይዞ መግባት አይፈቀድም። የተፈረመው ስምምነት በ10 ቀን ውስጥ በማጭበርበር፣ በኃይል ወይም በማስፈራራት የተገኘ ነው ተብሎ ካልተቃወሙት እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጸናል።

ድብደባ ወይም ማስፈራራት ሲመጣ ግን ከላይ ያለው ሁሉ ይቆማል። ሳህን ከድኖ ማቆየትም፣ አቴን ማስታረቂያ መላክም የዚህ መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው በሴቶችና በልጆቻቸው ላይ የሚፈጸምን ጥቃት የሚከለክለው ሕግ ባራንጋይ ተበዳይዋን ታረቂ ብሎ እንዳይጫን ይከለክላል። የባራንጋዩ የጥበቃ ትዕዛዝ በዚያው ዕለት ሊሰጥ ይችላል፣ 15 ቀን ይጸናል። የሚያመለክቱት በባራንጋዩ የሴቶች ጉዳይ ጠረጴዛ ነው፤ ከተበዳይዋ ሌላ ወላጅ፣ አያት፣ ልጅ ወይም ሌላ የቅርብ ዘመድም ስለ እሷ ማመልከት ይችላል።